ፍርግርግ በሚዛን እንጂ በብልጭታ አይገዛም

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ለመክፈት የሚነሣ ባለገንዘብ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ቦታው ነው። ቀጥሎ ስለ መኪና ማቆሚያው ስፋት፣ ስለ ሥጋ አቅራቢው፣ ስለ ማቀዝቀዣው ይጨነቃል። ሥጋው የሚያርፍበትን የብረት ፍርግርግ የሚያስታውሰው ግን ቤቱ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጊዜም በተረፈችው ብር እጁ የገባለትን፣ ብዙውን ጊዜም የሚያብለጨልጨውን አንሥቶ ይሄዳል። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱም ትንሽ ይመስለዋል።

በከሰል ጥብስ ንግድ ውስጥ ግን ከሥጋውና ከከሰሉ ቀጥሎ ትርፍና ኪሣራን የሚለየው ይኸው ፍርግርግ ነው። ለብቻው ተሠርቶ ለብቻው የሚሸጠውን፣ ከማንደጃው ላይ ተነሥቶ የሚለወጠውን ፍርግርግ መምረጥ የሚገባው በሦስት ነገር ነው፤ በክብደቱ፣ ምንም ባልተለበጠ ብረቱና በልኩ። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። ከዚህም አልፎ ፍርግርጉ ራሱ በአዋሽ መስመር ገና በወጉ ያልተያዘ ገበያ ነው።

መስመሩና እሳቱ

አዋሽ ለመንገደኛ ምግብ ማቅረብ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በቀድሞው ባቡር ዘመን የጣቢያው ቡፌ ስሙ በመንገደኛው ዘንድ የታወቀ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ወዲህ ደግሞ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚተላለፍ መንገዱ ሌላ ሕይወት ዘርቷል። አዋሽ 7 ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ድሬዳዋ ሲታጠፍ፣ ሁለተኛው በአዋሽ አርባና በገዋኔ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ወደ ሎጊያና ወደ ሰመራ ይወርዳል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌር የሚበላበትን ቤት በማስታወቂያ አይመርጥም። ሾፌር ለሾፌር ይነግረዋል፤ ረዳት ለረዳት ያወራል። አንድ ቀን ውጪው ከስሎ ውስጡ ደም የሆነ ሥጋ የቀረበለት ሰው በሚቀጥለው ጉዞው ፍሬን አይዝም። እሱ ሳይቆም ሲያልፍ ከኋላው የሚከተሉትም ያልፋሉ።

የሸለቆው ከሰል ራሱን የቻለ ጠባይ አለው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍ፣ አፋሮች ደርጊ ሃራ ማለትም የደርግ ዛፍ የሚሉት፣ የአፋርን የግጦሽ መሬት በሰፊው ወርሮታል። በአሚባራና በገዋኔ ማኅበራት ዛፉን እየቆረጡ ከሰል አክስለው እንዲሸጡ የተደረገበት ጊዜም አለ። መሬቱን የጎዳ ዛፍ ከሰሉ ግን ጠንካራ ነው፤ ፍሙ ያቃጥላል፣ ቶሎ አይከስምም፣ ሲቀጣጠልም ብልጭታ ይረጫል። ማንኛውም የከሰል ፍም ደማቅ ቀይ ሲሆን ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያንስም። ከቤት ውስጥ ማንደጃ ላይ አምስት ዓመት የሚቆይ ቀጭን ሽቦ በእንዲህ ያለ ፍም ላይ ከጧት እስከ ማታ ሲቀመጥ ዕድሜው በወራት ይቆጠራል።

ሚዛን የማይዋሸው ነገር

ወፍራም የሥጋ ቁራጭ፣ ሆቴሎቻችን ስቴክ የሚሉት፣ ከሽንጥ ይቆረጥ ከዳቢት፣ በሁለት መንገድ ይበስላል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከፍሙ በቀጥታ ወደ ላይ የሚወጣው ግለት ነው። የቀረውን የሚያሟላው ሥጋው የነካው ብረት ነው። ቀዝቃዛ ሥጋ በጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ብረቱ ያከማቸውን ሙቀት ይለግሰዋል። ብረቱ ቀጭን ከሆነ የሚለግሰው የለውም፤ ወዲያው ይቀዘቅዝና ሥጋው ይጣበቅበታል፣ ሲገለበጥም ቆዳው እዚያው ይቀራል። ሥጋ ቡናማ መልክና የጥብስ ሽታ የሚይዘው ላዩ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ነውና፣ ጠብሶ አዳሪው ወደዚያ ለመድረስ ሲል ከሰል ይጨምራል። ከሰል ሲጨምር ጮማው ይንጠባጠባል፣ ነበልባል ይነሣል፣ ሥጋው ጥላሸት ይለብሳል። የነገሩ መነሻ ቀጭን ሽቦ ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው ጠባሹ ነው።

ነጋዴ በቁጥር ያምናልና ቁጥሩን እንይ። የብረት ሥራ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የክቡን ብረት ውፍረት በሚሊ ሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱንም ለ162 ማካፈል ነው። የሚገኘው የአንድ ሜትር ብረት ክብደት በኪሎ ግራም ነው። በዚህ መሠረት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.222 ኪሎ፣ ባለ 8 ደግሞ 0.395 ኪሎ፣ ባለ 10 ደግሞ 0.617 ኪሎ ይመዝናል።

60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍርግርግ እናሠራ ብንል፣ ዘንጎቹም ከመሐል እስከ መሐል በ2 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 31 ዘንጎችና 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ማሠሪያዎች ያስፈልጋሉ። በድምሩ 13.6 ሜትር ይሆናል። ይኸው ፍርግርግ በባለ 6 ብረት ሲሠራ 3 ኪሎ፣ በባለ 8 ሲሠራ 5.4 ኪሎ ገደማ፣ በባለ 10 ሲሠራ 8.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሻጩ "ባለ 8 ነው" ብሎ የሸጠልዎ ፍርግርግ ሚዛን ላይ ወጥቶ 3 ኪሎ ካለ፣ ክርክር አያስፈልግም።

ጥንካሬውም እንደ ክብደቱ ብቻ አይጨምርም። ባለ 8 ዘንግ ከባለ 6 ይልቅ መጉበጥን የሚቋቋመው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በክብደት ሁለት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ በጉልበት ሦስት እጥፍ ይሰጣል ማለት ነው። ለስቴክ ሥራ ባለ 8 ዝቅተኛው ልክ፣ ባለ 10 የተሻለው ነው። ከባለ 12 በላይ ግን ለመጋል ብቻ ብዙ ከሰል ይበላል፤ ሰው ባልበዛበት ሰዓትም ትርፉን ያቃጥላል።

አንድ ምሳሌ እናክል። ዋጋው ለስሌት እንዲመች ብቻ የተወሰደ ነው። ቀጭኑ ፍርግርግ 1,500 ብር ተገዝቶ በየአራት ወሩ ይለወጣል እንበል። ወፍራሙ 6,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ዓመት ይቆያል እንበል። በሦስት ዓመት ውስጥ ርካሹ ዘጠኝ ጊዜ ተገዝቶ 13,500 ብር ይፈጃል። የየጊዜውን መጓጓዣ፣ የባከነውን ከሰል፣ ያልተመለሰውን ደንበኛ በዚህ ላይ ይደምሩበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቁጠባ ነው።

የሚያብለጨልጭ ሁሉ ለእሳት አይደለም

ከገንዘቡ የሚከፋው የጤናው ነገር ነው። በመንገድ ዳር ማንደጃዎች ላይ ለሥጋ ከማይገቡት ብረቶች ሦስቱን መጥቀስ ግድ ይላል።

የመጀመሪያው ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ነው። የአጥር መረብ፣ የዶሮ ቤት ወንፊት፣ ጋልቫናይዝድ የሚባለው ብረት ሁሉ ከዚህ ይመደባል። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል። ከፍም በላይ በጥቂት ሳንቲ ሜትር የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ከዚያም በታች ቢሆን ጨውና ሎሚ የነካው ሥጋ ዚንኩን ይበላዋል። በያጆች የተለበጠ ብረት ሲበይዱ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እንደሚያስይዛቸው ያውቃሉ። በያጅ የሚሸሸውን ብረት ከደንበኛ ሥጋ ሥር ማንጠፍ ተገቢ አይሆንም።

ሁለተኛው የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያ ነው። ልኩ የሚመች፣ መልኩም ያማረ ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል። ነገር ግን የተሠራው ለብርድ ነው። አንዳንዱ ላስቲክ የለበሰ ሲሆን ላስቲኩ እሳት ላይ ይነድዳል። ከሩቅ ዘመን የተረፉት ደግሞ በካድሚየም የተለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካድሚየም መርዝ ነው። የትኛው በምን እንደተለበጠ በዓይን ለይቶ የሚናገር ነጋዴ ስለሌለ፣ ሁሉንም መተው ይሻላል።

ሦስተኛው ፀረ ዝገት ቀለም የተቀባ ነው። አዲስ ፍርግርግ እንዳይዝግ ተብሎ ቀይ ወይም ብርማ ቀለም ተቀብቶ ይቀርባል። ቀለሙ ለበርና ለመስኮት ብረት የታሰበ ነው። ፍርግርግ ሲያዝዙ ሳይቀባ እንዲሰጥዎ አስቀድመው ይናገሩ። ከተቀባ በኋላ ልፋቁት ማለት ድካሙ ይበዛል።

ጥቁሩ፣ ነጩና የሚቀልጠው

ታዲያ ምን ይገዛ? ለአዋሽ መስመር ምግብ ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ያልተለበጠ፣ ለስላሳ ክብ ጥቁር ብረት ነው። ፌሮ ብረትም ያገለግላል፤ ሆኖም ጎርባጣው ላይ ጮማ እየተጋገረ ስለሚያስቸግር ለስላሳው ይመረጣል። ጥቁር ብረት ይዝጋል የሚለው ወቀሳ እውነት ነው። መድኃኒቱን ግን ባልትና ካወቀችው ቆይቷል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ አዲስ ፍርግርግም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ስስ ዘይት ተቀብቶ፣ ጢሱ እስኪያልቅ እሳት ላይ ተደጋግሞ መሟሸት አለበት። ከዚያ በኋላ በሳሙና መዘፍዘፍ የለበትም። ማታ በትኩሱ ተፍቆ ዘይት ቢነካ ይበቃዋል። የሚፈቅፍቁበት የሽቦ ብሩሽ እንዳያረጅ ግን ይጠንቀቁ፤ የተነቀለ ሽቦ ሥጋ ላይ ተጣብቆ የሰው ጉሮሮ ይወጋል።

ማይዝገው ብረት፣ ስቴንለስ ስቲል የምንለው፣ ለንጽሕና ተወዳዳሪ የለውም። ድክመቱ ሁለት ነው። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከጥቁር ብረት ሲሶ ገደማ ስለሆነ አሞቃቀሙ አዝጋሚ ነው። ሁለተኛው ዋጋው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብረት ሁሉ እንደተወደደ ነጋዴው ያውቀዋል። ዋጋው ሲወደድ ማጭበርበሩም ይበዛል። በገበያ "ማግኔት ካልሳበው እውነተኛ ስቴንለስ ነው" የሚባል አባባል አለ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። 304 የሚባለው ደረጃ ከመቶ 18 ገደማ ክሮሚየምና 8 ገደማ ኒኬል ያለው ሲሆን ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ነገር ግን 201 የሚባለውና ከኒኬሉ ብዙው በማንጋኒዝ የተተካበት ርካሹ ዓይነትም እንዲሁ አይሳብም። በሌላ በኩል 430 የሚባለው ማግኔት ይስበዋል፤ ሆኖም ከነክሮሚየሙ ስቴንለስ ነው። ስለዚህ ማግኔቱን ይዘው ሲሄዱ ደረጃው የተጻፈበትን የአስመጪ ሰነድም ይጠይቁ። የ304 ዋጋ ከፍሎ 201 ይዞ መመለስ፣ በጨው በሚታሽ ሥጋ ላይ ሲውል፣ በጥቂት ወራት ዝገት ነጠብጣብ ይመሰክራል።

ቀልጦ በቅርጽ የሚፈሰው ከባድ ብረት ሙቀት በማከማቸት የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ተሰባሪ ነው። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፉበት ይሰነጠቃል፤ ከመኪና ላይ ቢወድቅም እንዲሁ። የሰለጠነ ወጥ ቤት ላለው ሆቴል ይሆናል፤ ውሃ እየረጩ እሳት ለሚያበርዱበት ማንደጃ አይሆንም።

በውጭ አገር አልሙኒየም የሆኑ፣ ቦይ ቦይ የወጣላቸው ፍርግርጎች ለስቴክ ተብለው ለብቻ ይሸጣሉ። አልሙኒየም ሙቀትን ከጥቁር ብረት አራት እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ እውነትም ቶሎ ይግላል። ነገር ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከላይ እንዳልነው የአዋሽ ፍም ከዚያ በላይ ነው። በማራገቢያ የሚናፈስ ከሰል ላይ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ብርን ማቅለጥ ነው። እኛ አገር በውድቅዳቂ የሚሠራውን ደግሞ ለዚህ ሥራ ባናስበው ይሻላል። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ቀልጦ የሚሠራ የአልሙኒየም ዕቃ እርሳስ እንደሚገኝበት በካሜሩንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል።

ልኩ ገበያውን ይሠራዋል

እስካሁን የተናገርነው ለገዥው ነው። አሁን ለሻጩና ለባለወርክሾፑ አንድ ቃል እናክል። በየከተማው ያለው ማንደጃ እንደ በያጁ ፈቃድ ስለሚሠራ የአዋሽ አርባው ፍርግርግ የሎጊያው ማንደጃ ላይ አይገጥምም። ፍርግርጉ ያለቀበት ሰው በያጅ እስኪያገኝ ሥራ ይፈታል፤ ወይም የአጥር ሽቦ ይዘረጋል። የብረት ሰዎቻችን ችሎታ አይጠረጠርም። ምናለሽ ተራ ከበርሜልና ከላሜራ የማይሠራው የለም። የጎደለው ስምምነት ነው።

ዌበር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክብ ማንደጃውን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ልኩ አንድ ወጥ ሆኖ ስለቆየ፣ ዛሬ የእሱን ማንደጃ ሳይሠሩ ለእሱ የሚገጥም ፍርግርግ ብቻ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሌሎች ድርጅቶች አሉ። ልክ ሲጸና መለዋወጫ ይወለዳል። በሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚነግድ ሰው ይህን ለማስረዳት ማንንም አይጠይቅም።

ለእኛ መስመር 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ፍርግርግ ጥሩ መነሻ ይሆናል። በባለ 8 ብረት ሲሠራ 7 ሜትር ይፈጃል፤ ክብደቱም 2.8 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሰው በመቆንጠጫ አንሥቶ ከሥሩ ከሰል ሊጨምር ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ 60 በ40 ይሆናሉ፤ ትልቅ ቤት ስድስት ይደረድራል። አንዱ ሲጎዳ አንዱ ብቻ ይለወጣል። በማንደጃው ላይ መበየድ ግን ክልክል ይሁን። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ብረት ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ስቴንለስ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። መፈናፈኛ ካጣ ይጎብጣል፣ ብየዳውም ይነቀላል። ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ መተው ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ግማሽ ፍርግርግ ሌላም ጥቅም አለው። በአዋሽ መስመር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላል፤ የአንዱ እርድ ለሌላው አይቀርብም። ሁለቱንም አስተናግዳለሁ የሚል ቤት ማንደጃውን፣ ፍርግርጉንና መቆንጠጫውን ለይቶ ምልክት ማድረግ ይኖርበታል። በአንድ ፍርግርግ ላይ የሁለቱን ሥጋ ማፈራረቅ ደንበኛን መድፈር ነው። በአፋር ምድር ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ከመኪና ይቀድማል።

ተቃውሞ አይጠፋም። "አባቶቻችን በእንጨት ላይ ሰክተው ጠብሰው በልተዋል፤ ጣዕም ያለው ከሥጋው ነው" የሚሉ አሉ። ሥጋው ክፉ ከሆነ ፍርግርግ እንደማያድነው እኛም እንስማማለን። በትንንሹ ለተከተፈ ጥብስ ወይም ለፍየል ጎድን ወፍራምና ሰፊ ዘንግ እንደማያስፈልግም እናምናለን፤ ለእሱ ጠበብ ያለው ይሻላል፣ ካልሆነም ሸክላው አለለት። ነገር ግን አባቶች የጠበሱት ለቤተሰብ ነበር። በቀን ስንት መኪና የሚቆምበት ቤት፣ ሰው ከፍሎ የሚበላበት ቤት፣ ጧት የቀረበው ማታ ከሚቀርበው ጋር እንዲመሳሰል ይገደዳል። ያንን የሚያስችለው ልኩና ውፍረቱ የታወቀ ብረት ነው።

እንግዲህ ገዥው ወደ ሱቅ ሲሄድ ሦስት ነገር ይያዝ፤ ሜትር፣ ትንሽ ሚዛንና የማንደጃውን የውስጥ ልክ የጻፈበት ወረቀት። የዘንጉን ውፍረት ይለካ፣ ክብደቱን ከስሌቱ ጋር ያመሳክር፣ ብየዳው በሁለቱም ጫፍ የተሟላ መሆኑን ይይ። ነጋዴው በበኩሉ ፍርግርጉን በኪሎ ዋጋ አውጥቶ፣ ውፍረቱንና የብረቱን ዓይነት በወረቀት ጽፎ አንጠልጥሎ ይሽጥ። ከአዳማ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ይህን ቀድሞ የሚጀምር ወርክሾፕ፣ በየማንደጃው ላይ ደንበኛ አለው። ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ማንደጃቸውን ያጠፋሉ፤ ፍርግርግ የሚጠገነውና የሚለወጠውም ያን ጊዜ ነው። ለፋሲካ ገበያ የሚያስብ ሰው ብረቱን ከአሁኑ ይቁረጥ።